በአንድ ትልም የሚገፋ ወሰን

በልጅነቴ፣ መንዝ ውስጥ ባለችው መንደራችን፣ አባቴ የበልጉን እርሻ ሊጀምር ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያከናውነው አንድ ሥራ ነበረው። በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የማሳውን ወሰን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ከሦስቱ ድንበርተኞቻችን የሚለየን አጥር አልነበረም። የነበረው ማንም የማያርሰው፣ ስፋቱ አንድ እርምጃ የሚሆን የሣር መስመርና በየማዕዘኑ ግማሽ ጎኑ ተቀብሮ የቆመ የወሰን ድንጋይ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ታዲያ የሣሩ መስመር በአንደኛው በኩል ጠቦ አገኘው። ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ሲያርስ አንድ ትልም ያህል ወደ ሣሩ ገብቷል። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁና በዚያ ሁሉ ማሳ ላይ ለአንዲት ትልም ይህን ያህል ማሰቡ ገርሞኝ «አባዬ፣ ትንሽ እኮ ናት» አልሁት። ቁጢጥ ብሎ የተገለበጠውን አፈር በጣቶቹ እየፈረፈረ፣ «ወሰን በአንድ ቀን አይገፋም፤ የሚገፋው በየዓመቱ በአንዲት ትልም ነው። ዘንድሮ ዝም ካልኩ ለከርሞ ለመናገር አፍራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ጠብ ነው» አለኝ።

አልጮኸም፤ መልሶም አላረሰበትም። የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄዶ ከሰላምታውና ከከብቱ ወሬ በኋላ ነገሩን በቀስታ አነሣለት። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መሐል አድርገው አብረው እስከ ድንጋዩ ወረዱ፤ በእግራቸው ለኩ፤ ትልሟም ለሣሩ ተመለሰች። ሲጨርሱ ሦስቱም እኛ ቤት ገብተው እናቴ የቀዳችውን የገብስ ጠላ ጠጡ። በዚያው ዓመት አጨዳ ሲደርስ ለደቦ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ያው ጎረቤታችን ነበር።

ይህን በዓይኔ እያየሁ ያደግሁ ሰው ሆኜ ሳለ፣ የራሴን የውስጥ ወሰን መዞር የጀመርሁት ዕድሜዬ 40ን ካለፈ በኋላ ነው። የውስጥ ወሰን ስል የአንድ ሰው ጊዜ፣ ጉልበት፣ ገንዘብ፣ ስሜትና ገመና የት ላይ የእሱ እንደ ሆነ፣ የት ላይ ደግሞ የሌላው እንደሚጀምር የሚለየውን መስመር ማለቴ ነው። ይህም መስመር እንደ ማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይደፈርም፤ በትልም በትልም ይገፋል፤ ባለቤቱም ለመጀመሪያዋ ትልም ዝም ስላለ ለአሥረኛዋ መናገር ያሳፍረዋል።

በደብረ ብርሃን ከተማ በመምህርነት ሳገለግል 17 ዓመት ሆኖኛል። ለወላጆቼ የበኩር ልጅ ነኝ። በእኛ አካባቢ ደመወዝ ያላት የበኩር ሴት ልጅ ምን እንደሚጠበቅባት ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። ለሕክምና ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ማረፊያው የእኔ ቤት ነው፤ ለትምህርት የምትመጣ የዘመድ ልጅ የምታድረው እኔ ዘንድ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ የታመመ እንደ ሆነ ደብተሩ ወደ እኔ ይመጣል፤ ማዳበሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ያጠረው የአጎቴ ልጅም ስልክ የሚደውለው ለእኔ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ክፉ ነው አልልም፤ ብዙዎቹን ዛሬም ደስ ብሎኝ አደርጋቸዋለሁ። ችግሩ ከእነርሱ መካከል ወድጄ የማደርገው የትኛው፣ ፈርቼ የማደርገው የትኛው እንደ ሆነ ራሴም ለይቼ አለማወቄ ነበር፤ ምክንያቱም ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንዲት «እሺ» ነበረች። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባለ ያደገ ሰው በዚህ አይፈረድበትም።

አንድ የሰኔ ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና እርማት ደርሶ የአራት ክፍል የመልስ ወረቀት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አግኝታኝ፣ «እትዬ፣ አንቺ መቼም ፈጣን ነሽ፤ ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶብኝ ነው፣ የእኔንም አንድ ክፍል ብታግዢኝ» አለችኝ። ሆዴ «አይሆንም» ሲል አፌ «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አለ። ያን ቃል ስናገር ደረቴ አካባቢ ጥብቅ አለብኝ፤ ፊቴ ግን ፈገግ እንዳለ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አንገቴን ደፍቼ ወረቀቱን ስገለብጥ፣ የ8 ዓመት ልጄ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣና «እማዬ፣ ይቺን አሳዪኝ» አለኝ። «ዞር በልልኝ!» ብዬ ጮኽሁበት። ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ሄዶ ተኛ።

የባልደረባዬን ወረቀት ግን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ አንድም ስሕተት ሳላሳልፍ አርሜ ጨረስሁ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ደጋግሜ ያሰብሁት ነገር ይህ ነው፦ ለባልደረባዬ ያልነገርኋት እንቢታ የትም አልጠፋም፤ ሄዶ ልጄ ላይ ወደቀ። የምንፈራውን ሰው እንቢ ማለት ሲያቅተን፣ እንቢታችንን የሚቀበለው ምንም ሊያደርገን የማይችለው ሰው ነው፤ ይኸውም ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ አንዳንዴም የገዛ ራሳችን እንቅልፍና ጨጓራ። ስለዚህ «እኔ ለሰው እንቢ ማለት አላውቅም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ደግነቱን ሳልጠራጠር፣ እንቢታውን ማን እየተቀበለለት ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ይህን ነገር ከሥሩ ለመረዳት የፈለገ አማርኛ ተናጋሪ ይሉኝታ ከሚለው ቃል መጀመር ያለበት ይመስለኛል። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የተሠራ ነው፤ ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ ማሰብ። ይሉኝታ የሌለው ሰው በእኛ ዘንድ የተከበረ አይደለም፤ «ይሉኝታ ቢስ» ከከባድ ስድቦች አንዱ ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው። በለቅሶ ቤት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ የጎረቤቱን ችግር አይቶ እንዳላየ የማያልፍ፣ ሽማግሌ ቆሞ የማይቀመጥ ሰው ያፈራን ይሉኝታ ነው። ነገር ግን ይሉኝታና ርኅራኄ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይምሰሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። በርኅራኄ ስሰጥ ዓይኔ የሚያየው የተቸገረውን ሰው ነው፤ በይሉኝታ ስሰጥ የማየው በእሱ ዓይን ውስጥ ያለውን የራሴን መልክ ነው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ደግሞ ከሰጡ በኋላ ነው። በርኅራኄ የሰጡት ይረሳል፤ በይሉኝታ የሰጡት ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይቆጠራል። ከዓመታት በኋላ በአንድ ተራ ጭቅጭቅ መሐል «እኔ ለእናንተ ያላደረግሁት ምን አለ!» ብሎ የሚፈነዳው ይኸው ሲቆጠር የኖረ ሒሳብ ነው። ቂም ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ በወቅቱ ያልተነገረ «አይሆንም» ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የገበታችንንም ነገር አስቡት። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ባለቤት «በሞቴ» ይላል፤ «ጠገብኩ» ሲል «አፈር ስሆን» ይባላል፤ ጉርሻው አፍ ድረስ ይመጣል። እኔ ይህን ባህል እወደዋለሁ፤ እናቴ ስታጎርሰኝ የሚሰማኝን ደስታ በምንም አልለውጠውም። ሆኖም ልጆቻችን በዚሁ ገበታ ላይ ሳያውቁት የሚማሩት ሌላ ትምህርት አለ፤ «በቃኝ» የሚለው ቃል ከአንድ ሰው አፍ ሲወጣ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ፣ የወደደ ሁሉ ሊያልፈው እንደሚችል ይማራሉ። አሁን በቤቴ ልጄ «በቃኝ እማዬ» ሲል እጄን እመልሳለሁ። እጄን መመለሱ መጀመሪያ ላይ ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

በመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ የሥነ ልቦና ትምህርት ወስጃለሁ፤ ባለሙያ ግን አይደለሁም። ቢሆንም ለእኔ ብዙ ነገር የገለጠልኝን የአንድ ሐኪም አሳብ ላንሣ። ሳልቫዶር ሚኑቺን ይባላል፤ አርጀንቲና ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ፣ በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ ከድሃ ቤተሰቦች ጋር ብዙ የሠራ የቤተሰብ ሕክምና መምህር ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው በቤተሰብ አባላት መካከል ያለውን ወሰን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው የደበዘዘ ወሰን ነው፤ የአንዱ ጭንቀት ወዲያው የሁሉ ጭንቀት ይሆናል፣ ማንም ለብቻው የሚያስበውና የሚወስነው ነገር የለውም። ሁለተኛው ድፍን ወሰን ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይሰማም። ሦስተኛው ግልጽ ወሰን ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ያለ ጣልቃ ገብነት እንዲሠራ የሚያስችል ጽናት አለው፣ ግን ሰው ከሰው የሚገናኝበትን መንገድ አይዘጋም። ይህን ሳነብ የአባቴ ማሳ ዓይኔ ላይ መጣ። የሣር መስመሩ የድንጋይ አጥር አልነበረምና የጎረቤታችን ጥጃ ይሻገረዋል፣ እኛም እንሻገረዋለን፤ ማረሻ ብቻ አያልፈውም።

ቋንቋችንም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ወሰን ከሚለው ቃል «ወሰንተኛ»፣ ድንበር ከሚለውም «ድንበርተኛ» የሚል የዝምድና ስም አውጥተናል። ወሰን የሌላቸው ሁለት ሰዎች ወሰንተኛ ሊባሉ አይችሉም፤ ወይ አንዱ ሌላውን ውጦታል፣ ወይም ጭራሽ አይተዋወቁም።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማከል እወዳለሁ። ኤድዋርድ ሆል የተባለው የሥነ ሰብ ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚተዉትን ርቀት ለክቶ፣ እስከ 45 ሴንቲሜትር ያለው ለቅርብ ወዳጅ ብቻ የተተወ ነው ብሎ ነበር፤ ርቀቱ ግን ከባህል ባህል እንደሚለያይም አስረግጦ ተናግሯል። እኛ ከአንድ መሶብ የምንበላ፣ ትከሻ ለትከሻ የምንሳሳም፣ ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ በአንድ ወንበር ሦስት ሆነን የምንሄድ ሰዎች ነን። የሌላ አገር ሰው መስመሩን ያሰመረበት ቦታ ላይ እኛም እናስምር ብንል ማኅበራዊ ኑሯችን ይፈርሳል። የእኛ መስመር የሚያልፍበትን ቦታ ራሳችን ዞረን ማግኘት አለብን።

እኔ ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ከዚያ የሰኔ ሐሙስ በኋላ፣ እንቢ ማለት ያልለመደ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ከደበዘዘው ወሰን ወደ ድፍኑ ዘለልሁ። ትምህርት ሲዘጋ ስልኬን ለ10 ቀን አጠፋሁ፤ የሚመጣም እንግዳ ካለ የለችም በሉልኝ አልሁ። እረፍት አገኘሁ፤ እንቅልፌም ተመለሰ። በ7ኛው ቀን ግን የአጎቴ ባለቤት አገር ቤት ዐርፋ ኖሮ፣ ስልኬን ስከፍት ቀብሩ ካለፈ 3 ቀን ሆኖታል። ያቺ ሴት በልጅነቴ ታምሜ ሳለ ጀርባዋ ላይ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ ሴት ናት። በእኛ አገር ቀብር ላይ አለመገኘት ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን ከሰው ወቀሳ ይልቅ አፈር ሲለብሱ አለማየቴ ነው ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ በሩ ላይ አገኙኝ። እቴቴ እንላቸዋለን። አልቅሰን ካበቃን በኋላ እንግዳው ሲበተን፣ ምድጃው አጠገብ ኩበት እየጨመሩ፣ ፊታቸውን ወደ እሳቱ እንዳዞሩ «ስልክሽን ዘጋሽ፤ እኛንም ዘጋሽን» አሉኝ። ከዚያም «ከተማው ለወጠሽ» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ብዙ ቆይቼ፣ ሌላ የምለው ነገር ስላጣሁ፣ «እቴቴ፣ እርስዎ ደክሞዎት አያውቅም? ሰው ሁሉ ከእርስዎ ሲፈልግ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እቴቴ ቤታቸው እንግዳ የማይጠፋበት ሴት ናቸው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት፣ ግንቡ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ ውስጡ ሞቅ ያለ፤ በአንድ በኩል መደቡ፣ በስተኋላ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለው ጓዳ። ጥያቄዬን ሰምተው ዝም ካሉ በኋላ እጃቸውን ወደ መጋረጃው ዘረጉ። «እዚያ ማን ሲገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አስታወስሁ፤ ማንም አይገባም። አባቴ እንኳ፣ ወንድማቸው ሆኖ ሳለ፣ ጓዳቸውን አልፎ አያውቅም። «ጓዳ ያለው ቤት ነው እኮ እንግዳ የሚቀበለው፤ የሚቀርብለት ከጓዳ ነዋ የሚወጣው። ሁሉም ገብቶ የሚያነሣበት ቤት በማግስቱ ምን ያቀርባል? አንቺ ግን ጓዳሽን አልዘጋሽም ልጄ፤ ደጅሽን ነው የዘጋሽው» አሉኝ።

በመጻሕፍት ያላገኘሁትን በእሳት ዳር አገኘሁት። ደጅና ጓዳ ሁለት ናቸው። ጓዳዬን ክፍት ትቼ ስኖር ሰው እስከ ውስጤ ገብቶ የፈለገውን ሲያነሣ ቆየ፤ መሮኝ ስነሣ ደግሞ የዘጋሁት ደጁን ሆነ። መሥራት የነበረብኝ ተቃራኒውን ነበር።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ያስጨነቀኝ አዲሱን መስመር ለሰው እንዴት እንደማሳውቅ ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት ከጾም ነው። በዓርብ ቀን ሥጋ የማይበላን ሰው «በሞቴ ቅመስ» የሚል የለም፤ «ጾመኛ ነኝ» ካለ ነገሩ ያልቃል፣ የሚቀየምም አይኖርም። በሚካኤል ዕለት በሬ የማይጠምድን ገበሬም ሰነፍ የሚለው የለም። ለምን ቢባል፣ ክልከላው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቀንና ስም አለው፤ በአኩርፊያ ወቅት በድንገት የተፈጠረ አይደለም። ደግሞም ጾም ጿሚው በራሱ ላይ የሚጥለው ሕግ ነው፤ ጎረቤቱ የሚበላውን አይቆጣጠርበትም። የውስጥ ወሰንም እንዲሁ ነው። «ማታ አትደውሉልኝ» ብል የሌላውን እጅ ለማሰር እየሞከርሁ ነው፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ልጄን አስጠናለሁና ስልክ አላነሣም» ብል ግን የተናገርሁት ስለ ራሴ ነው፤ መጠበቁም በእጄ ነው።

እንደዚሁ አደረግሁ። ለዘመዶቼ በየግል፣ አንድ በአንድ፣ ነገርኋቸው፤ ሕመምና ለቅሶ ከሆነ ጎረቤቴ ጋ ይደወላል፣ እሷም በማንኛውም ሰዓት በሬን ታንኳኳለች። የገንዘብ ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው አልመልስም፤ «አሁን መልስ ልሰጥህ አልችልም፤ ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሃለሁ» እላለሁ፤ ቅዳሜም እደውላለሁ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ረድታኛለች፤ ምክንያቱም ይሉኝታ የሚያሸንፈኝ ፊት ለፊትና በድንገት ነው፤ ሁለት ቀን ካሰብሁ ግን መስጠት የምፈልገውንና የምችለውን አውቃለሁ። ከደመወዜም ላይ ለዘመድ የማውለውን በየወሩ መጀመሪያ ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ አልቋል እላለሁ። የሌለኝን ከሌላ ተበድሬ የማበድርበት ዘመን አበቃ።

ለእንቢታም ቢሆን ቋንቋችን ድሃ አይደለም። ለለማኝ የምንሰጠው ስናጣ «እግዜር ይስጥህ» እንላለን። እንቢታ ነው፤ ግን ምርቃት ነው፤ የተለመነውን ባይሰጥም የለማኙን ክብር አይነሣም። የቡና ላይ ጥያቄዎችን የምመልሰው ይህን እያሰብሁ ነው። አንዲት ጎረቤቴ በቡና መሐል፣ ስድስት ሴቶች ባሉበት፣ «ሁለተኛውን ምነው ዘገየሽ? አንድ ልጅ እኮ ልጅ አይባልም» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የ5 ወር ፅንስ እንደወረደብኝ አታውቅም። ቀድሞ ቢሆን ወይ ገመናዬን ዘርግፌ ማታ አለቅስ ነበር፣ ወይም ቤቷ መሄድ እተው ነበር። ያን ቀን ግን ስኒዬን አስቀምጬ፣ «እሱን እንኳ ለራሴ ብተወው ደስ ይለኛል» አልኋትና ቀጥዬ የልጇን ፈተና ጠየቅኋት። ለአፍታ ጸጥታ ሆነ፤ የረከቦቱ ባለቤት ሁለተኛውን ቀዳች፤ ወሬው ቀጠለ። ጎረቤቴ ስንወጣ እጄን ጨበጥ አድርጋ ያዘችኝ፤ ምንም አላለችም።

ሁሉ ሰው ግን እንዲህ አይቀበልም። የአጎቴ ልጅ «ቅዳሜ» የሚለውን መልሴን እንደ ንቀት ቆጥሮት አንድ ዓመት ያህል አኩርፎኛል። ደግሞም ዛቻ፣ ድብደባ ወይም አስገድዶ መድፈር ባለበት ቦታ ስለ ትልም ማውራት ተገቢ አይደለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ለሽማግሌና ለቤተሰብ መንገር፣ ወደ ሕግ መሄድ፣ ከቤቱ መውጣት ነው፤ የተበዳይ አነጋገር ማማር ነገሩን አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለመጻፍ የከበደኝን አሁን ልጻፍ። የራሴን ወሰን መዞር በጀመርሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እኔ ራሴ የገፋሁትን ወሰን አገኘሁ። የእቴቴ የልጅ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ እኔ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ለእሷ ብዬ፣ ከክፉ ልጠብቃት ብዬ፣ ስልኳን ሳትሰማ አንሥቼ አነብ ነበር፤ ደብተሯን እፈትሽ ነበር፤ ሌሊት ልጄ ውኃ ሲለኝ ከእንቅልፏ የምቀሰቅሰው እሷን ነበር። አንድም ቀን «እሺ እትዬ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ያቺን «እሺ» ከባልደረባዬ ፊት ከተናገርኋት ጋር ሳስተያያት አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራት። ማሳዬ ተገፋ ብዬ ስጮኽ በሌላ በኩል እያረስሁ ነበር። ከጎኔ አስቀምጬ ይቅርታ ስጠይቃት ደንግጣ መሬት መሬት አየች። ለመኝታዋ ጥግ መጋረጃ ሰቀልሁላት፤ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥንም ገዛሁላት። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማታ ወደ ሱቅ ልልካት ስጠራት፣ «እትዬ፣ ነገ ፈተና አለኝ፤ ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና ልሂድ?» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ራሴ ሄድሁ።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው፣ እርስ በርስ ተደጋግፎ ለሚኖር ሕዝብ መስመር ማስመር አይስማማውም የሚል ክርክር እሰማለሁ። እንዲህ ለሚሉኝ የጓሳን ነገር አነሣላቸዋለሁ። ጓሳ በመንዝ አናት ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። አባቶቻችን «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፤ ማጭድ አያርፍበትም። ሲደርስ በታወቀ ቀን ይከፈትና ድሃውም ባለጸጋውም ድርሻውን ያጭዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩ ያለ ከልካይ ታጨደ፣ ተጋጠ፤ ኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ እንደ ገና እስኪጠብቀው ድረስ ጉዳቱ ለሁሉም ተረፈ። ያን ምድር የዘጉት ሰዎች ስስታሞች አልነበሩም። ቤቱ የሚያፈስበት ድሃ ጎረቤታቸው ክዳን ሲያጣ ማየት ያልፈለጉ ሰዎች ነበሩ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ አርፏል፤ ማሳውን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጠዋት ውርጩ ሳይረግፍ ብቻዬን ወደ ወሰኑ ወረድሁ። ያ ድንጋይ ግማሹን ሽበት ወርሶት እዚያው ቆሟል፤ የሣር መስመሩም አንድ እርምጃ እንደ ሆነ ነው። ከማዶ የጎረቤታችን ሚስት፣ ዛሬ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ለጥጃዋ ሣር ልታጭድ መጥታ ስታየኝ ማጭዷን ጥላ እጆቿን ዘረጋች። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ በእሷ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል። ስለ አባቴ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ዘንድሮው በልግ አወራን። ፀሐይዋ ጀርባችንን እያሞቀችው ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ልነሣ ስል ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ፈትታ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ ግማሹን መልሳ ቋጠረችው።